እማማን «አንተ» ያለው እንግዳ

የዛሬው ጨዋታችን የሚነሣው ከቡኢ ከደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ቡኢን ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወጥታችሁ፣ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግራችሁ፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፋችሁ ብዙም ሳትርቁ የምታገኟት የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። ቡታጅራ ለመድረስ የቸኮለ መንገደኛ በሚኒባስ መስኮት ብቻ አይቷት ያልፋል። የመስቀል ሰሞን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የክስታኔ ልጅ መርካቶም ይዋል ሐዋሳ፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ… ተዉት፣ ምራቃችሁን አላስውጣችሁ።

ደብዳቤው የተጻፈው እንዲህ ባለው የመስቀል ማዕድ ዙሪያ ስለሆነው ነገር ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ እንደ ልማዳችን ስምም ምልክትም አውጥቻለሁ። እንዲህ ይላል፦

«በዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም የነበርን ልጆች ከተመረቅን ጀምሮ በየዓመቱ መስቀልን ቡኢ እኛ ቤት እናሳልፋለን። ዘንድሮ ዘጠኝ ሆነን ተገናኘን። ከመካከላችን አንዱ የወለጋ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን በደንብ የለመደው ግቢ ከገባ በኋላ ከእኛ ነው። አሁን አዲስ አበባ ይሠራል። ክትፎው ተበልቶ እንዳበቃ እሱ ብድግ አለና ለእናቴ ምስጋና አቀረበ። ‹እማማ፣ ዛሬ በጣም ደክመሃል። እግዜር ይስጥህ። እኔ እንደ ወለደኝ እናቴ ነው የማይህ› አላት። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ! አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ቀበል አድርጎ ‹እማማ፣ ጢምህን መቼ ነው የምትላጨው?› አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን? ማታውን ሙሉ ወንዱን ‹አንቺ›፣ ሴቷን ‹አንተ› እያልን ስንጫወት አመሸን። እሱም መጀመሪያ ላይ አብሮን ሥቋል። በኋላ ዝም አለ። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ በመጀመሪያው መኪና ሄደ። ስልክ አያነሣም። ባለፈው አንዲት መልእክት ብቻ ላከልኝ፤ ‹ለጥር ሚዜነት ሌላ ሰው ፈልግ፣ ሥራ በዝቶብኛል› የምትል። ለሠርጌ አንደኛ ሚዜዬ እኮ እሱ ነበር! ቀልድ ነው። ስንት ዓመት አንድ ዳቦ ተካፍለን የኖርን ሰዎች በዚህች ትንሽ ነገር እንኳረፋለን? ምን ላድርግ? እናቴም ብትሆን ዘንድሮ ቡና አፍልታ ከመስጠት በቀር አልተጫወተችም። ሌላ ጊዜ እሷ ናት ስታሥቀን የምታመሸው። ደክሟት መሰለኝ።»

ወንድሜ፣ ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች ቆይቼ እመለስብሃለሁ። መጀመሪያ ጓደኛህ በትክክል ምን እንዳጠፋ እንይ። ሰው ሲሥቅ የሣቀበትን ነገር ቢያንስ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

በኦሮምኛ ፊት ለፊት ላለ አንድ ሰው «አቲ» ይባላል። ወንድ ይሁን ሴት «አቲ» ነው። «አቲ ዱፍቴ» ካልክ ለእኔም ለእህቴም «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ማለትህ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለው ቋንቋ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው አማርኛን ሲማር ምን እንደሚገጥመው አስበው። በአማርኛ አንድን ሰው ለማናገር ገና አፍህን ሳትከፍት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለብህ። ወንድ ነው ሴት? አንድ ነው ብዙ? የማከብረው ነው ወይስ እኩያዬ? ከዚያ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ፣ እናንተ ከሚሉት አንዱን ትመርጣለህ። መምረጡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግሡም ጫፉን መለወጥ አለበት፤ ደክመሃል፣ ደክመሻል፣ ደክመዋል፣ ደክማችኋል።

ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ አክብሮቱ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው «እርስዎ መጡ» ስንል ግሡ «እነሱ መጡ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። አጠገባችን የተቀመጡትን አንዲት እናት ስናከብራቸው፣ እዚያ ማዶ ያሉ ብዙ ሰዎች እንደሆኑ አድርገን ነው የምናወራው ማለት ነው! እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠባነው አይታወቀንም። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን ይኼ ቀላል እንቆቅልሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያሰላው ደግሞ ዘጠኝ ሰው በሞላበት ቤት፣ ቆሞ፣ ሁሉም ዓይን ዓይኑን እያየው፣ ልቡ በምስጋና ተሞልቶ ነው። በዚያ ሰዓት ሰዋስው ትዝ ይላል? እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩት። ግን የተማሩ ዘመዶቼ በእንግሊዝኛ ንግግር ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ላባቸው ነው የሚቀድማቸው።

የወለጋው ልጅ አማርኛን «ከእኛ ለመደ» ብለሃል። ትክክል ነው፤ እንዴት ከዚያ በፊት ሊለምደው ይችላል? በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በኦሮሚያ ልጆች የሚማሩት በአፋቸው፣ በቁቤ ነው። አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው የሚሰጣቸው። ስለዚህ ጓደኛህ ፊደሉም ሁለተኛው ነው። ፊደሉ ደግሞ ራሱ አያግዝም። «ገና» ብለህ ጻፍለት፤ በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልደረሰም» የሚለው? «ዋና» ብለህ ጻፍለት፤ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ የቢሮው ዋና ኃላፊ? ማጥበቅና ማላላታችን በጽሑፍ አይታይም። ይህን ከመጽሐፍ ማንም አይማረውም። ከሰው አፍ ነው የሚሰማው፤ የሚሰማው ደግሞ አብሮ ሲበላና ሲጠጣ ነው። ጓደኛህ የተማረበት ክፍል እንግዲህ የእናንተ ዶርምና ያ የመስቀል ማዕድ ነበር።

እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 በጻፈው አንድ ጽሑፍ፣ ተማሪ የሚሠራው ስሕተት ዝም ብሎ ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ አእምሮው ቋንቋውን በሥርዓት እየገነባ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ጓደኛህን እይ። «ደክመሃል» ሲል ግሡን በትክክል አርብቶታል፤ «ይስጥህ» ሲል በትክክል ገጥሞታል። «ወለደኝ» አለ እንጂ «ወለደችኝ» አላለም፤ ግን ከ«ደክመሃል» ጋር ሲታይ እሱም የራሱን መሥመር ይዞ ነው የሄደው። ሥራው ሁሉ ተሠርቶ የቀረው አንድ ጡብ ነው።

እና ስምንታችሁ… ይቅርታ አድርግልኝና… ስምንታችሁ አማርኛ የምታውቁት ቁጭ ብላችሁ፣ ለእማማ ተነሥቶ «ደክመሃል» ያላቸው እሱ ነው። እናንተ ምን አላችኋቸው? ደብዳቤህ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

እስቲ ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ጢያ ከእናንተ ከተማ ቅርብ ነው። እነዚያን 36 ትክል ድንጋዮች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ወዲህ ፈረንጅ ይመላለስባቸዋል። አንዱ ፈረንጅ ከመኪናው ወርዶ «አማሳጊናሎ» ሲል ምን ይሆናል? እናጨበጭባለን! «አቤት አማርኛው!» እንላለን። ሴቷን «አንተ ቆንጆ ነህ» ቢላት እንኳ ነገሩ ፍቅር ይሆናል፤ «ሲያሳዝን» ይባላል፣ ቡና ይጋበዛል። የነቀምት ልጅ ያንኑ ቢል ግን በሣቅ ይገደላል፣ ዓመት ሙሉ ሙድ ይያዝበታል። ፈረንጁ የተማራት አንዲት ቃል ናት፤ የነቀምቱ ልጅ አማርኛውን ተምሮ፣ ፈተና ተፈትኖበት፣ በቋንቋው ሥራ ይዞ፣ ግብር ከፍሎበት ነው። ለየትኛው ነበር ማጨብጨብ የሚገባን?

ደግሞ ከሁሉም የጉራጌ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ እኔን ይበልጥ ይከነክነኛል። በቀልድ መድረኩ፣ በታክሲው፣ በየሱቁ የጉራጌ አማርኛ ስንት ዘመን መሣቂያ ሆኖ ኖረ? አባቶቻችን ልጅ ሆነው ከአገር ቤት መጥተው ሊስትሮነት ሲጀምሩ፣ ሱቅ በደረቴ ሲያዞሩ፣ አንደበታቸው ቶሎ ስለማይታዘዝላቸው የደረሰባቸውን ማን ይረሳል? በብዙዎቹ የጉራጌ ቋንቋዎች «ሰው» ማለት «ሰብ» ነው። አንድ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ አፉ አምልጦት «ሰብ» ቢል ይሣቅበታል። ግእዙን ያየ ሰው ግን «ሰብእ» የሚለውን ያገኛል። ትግርኛውም «ሰብ» ነው። የተሣቀበት ልጅ ከሣቂው ይልቅ ለጥንቱ ቃል ቀርቦ ነበር ማለት ነው።

የትግርኛ ተናጋሪውም እንደዚያው ነው። «ሐ»ን ከጉሮሮው ሲያወጣት፣ «ዐ»ን ሲያንቃት እንሥቅበታለን። እነዚህ ፊደሎች እኮ ድሮ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ያጣናቸው እኛ ነን። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን ሦስት ዓይነት እየጻፍን አንድ ዓይነት እናነባለን። ይኼን አስቦ የሚሥቅ ሰው ካለ ይሣቅ።

አሁን ወደ እናትህ ልመለስ።

«ደክሟት መሰለኝ» ብለሃል። እኔ ግን አልመሰለኝም። እናትህ የክስታኔ ሴት ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በክስታንኛ ነው። አማርኛ ለእሳቸውም ሁለተኛ ነው። በየዓመቱ በዚያችው በሁለተኛዋ ቋንቋ እናንተን ሲያሥቁ ያመሹ ነበር። ዘንድሮ ዓይናቸው እያየ አንድ ልጅ እሳቸውን ላመስግን ብሎ በመነሣቱ ስምንት ምሩቅ ሲሥቅበት አዩ። «ጢምህን መቼ ነው የምትላጨው» የሚለውም ቢሆን ተራቢው ልጁን ያስብ እንጂ የተነገረው በእሳቸው ፊት፣ በእሳቸው ላይ ነው። ታዲያ እናትህ ከዚያ በኋላ ምን ብለው አፋቸውን ይክፈቱ? እሳቸውስ ቢሳሳቱ? አንዱን ስትሥቁበት ሁለት ሰው ነው ዝም ያሰኛችሁት። አንደኛው በጠዋት መኪና ሄደ። ሁለተኛዋ ግን እዚያው ቤት ናቸው፣ ቡና ያፈላሉ፤ ስለዚህ አልታየህም።

እናቴን ጠይቄያት ነው እንዲህ የምትለኝ ትል ይሆናል። አልጠየቅኋቸውም። አንተ ግን ልትጠይቃቸው ትችላለህ። በክስታንኛ ጠይቃቸው።

እንግዲህ ለምሩቃን የሚሆን ወግ ደግሞ አለኝ። በአገራችን የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይመሩትና ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ መሪያቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ይባላሉ። አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የኩቤክ ሰዎች ነበሩ። ማስተማሪያው ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነበር። ልብ በሉ! የመጀመሪያዎቹ የአገራችን የኮሌጅ ተማሪዎች እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይዘው፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ከሆነ መምህራን ነው የተማሩት። የከፍተኛ ትምህርታችን መሠረት የተጣለው አስተማሪውም ተማሪውም በሰው ቋንቋ እየተናገሩ ነው። «ዘ»ና «ዝ»ን ማን ይቆጥር ነበር?

አሁን ግን የተመረቁ ሰዎች ሲሰባሰቡ ዋናው ጨዋታ ስሕተት መልቀም ሆኗል። አንዱ በእንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ «ቴሌቪዥኑን ኦፕን አድርገው» ካለ አለቀለት። ሰው እንዲህ የሚለው በአማርኛ ቴሌቪዥን ስለሚከፈት ነው፤ ከራሱ ቋንቋ ይዞት የመጣው ነው። ሣቂው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱም «ቪ»ን «ቢ» እያለ ነው የሚሥቀው። ለነገሩ እንግሊዝኛ በደንብ የሚችል ሰው ሲሥቅ እምብዛም አላየሁም። ሥጋት ያለበት ነው ቀድሞ የሚሥቅ፤ ሌላው ላይ ሲታይ የራሱ አይታይማ!

የዚህ ውጤቱ ቀልድ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የማውቃት ልጅ አለች። ስብሰባ ላይ የተነሣውን ችግር መፍትሔ ታውቀዋለች። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህ በፊት አንዲት ቃል አጠራር ላይ ተሥቆባታል። ዝም አለች። በሻይ ሰዓት ለአንዱ ባልደረባዋ በጆሮው ነገረችው፤ እሱ ከሻይ በኋላ ተናገረውና ተመሰገነ። እሷን ስጠይቃት «ምን ቸገረኝ፣ ደመወዜ አይቀር» አለችኝ። እኔ ግን ፊቷን አይቻለሁ።

ነገሩ በጥናትም ታይቷል። ሺሪ ሌቭ-አሪና ቦአዝ ኬይሳር የሚባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ለሰዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን አሰሙ። «ቀጭኔ ከግመል ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ውኃ ሳትጠጣ ትቆያለች» ዓይነት። አንዳንዱን ያነበበው አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ሌላ አገር የተወለደ፣ ቅላጼ ያለው ሰው። አንባቢው የተሰጠውን ብቻ እንደሚያነብ ለሰሚዎቹ ተነግሯቸዋል። እንዲያም ሆኖ ቅላጼ ያለው ሰው ያነበበው «እውነት አይመስልም» እየተባለ ዝቅ ያለ ነጥብ ተሰጠው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም ይላሉ አጥኚዎቹ፤ ለመስማት የሚያስቸግር ነገር ለማመንም ያስቸግራል። ሰሚዎቹ ነገሩ አስቀድሞ ሲነገራቸው ቀለል ያለ ቅላጼ ላለው ሰው ፍርዳቸውን አስተካከሉ፤ ከበድ ያለ ቅላጼ ላለው ግን አልቻሉም። እንግዲህ ሳንሥቅበት እንኳ ሚዛኑ ያጋደለበትን ሰው ነው በላዩ ላይ የምንሥቅበት።

ከዚህ የባሰም አለ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ያነበበ ያስታውሳል። በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ «ሺቦሌት በል» ተብሎ «ሲቦሌት» ያለ ሁሉ ይገደል ነበር። ለአንዲት «ሺ»! ማዕድ ላይ የሚሣቅ ሣቅና ያ ዕልቂት አንድ ናቸው አልልም። ግን «አነጋገሩ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል» የምትለዋን ነገር ሰው መጀመሪያ የሚለማመዳት በቀልድ ነው፤ ስለዚህ ቀልዷን አልወዳትም።

አንድ ሰው ደግሞ ከራሳችሁ አገር ልጥቀስ። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን በአፍ መፍቻቸው በቸሃ ጻፉት። ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና እ.ኤ.አ. በ1964 «ሺኔጋስ ቪሌጅ» ተብሎ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ከዚያ «ዘ አፈርሳታ»ን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። በአማርኛም ደረሱ፣ ተረጎሙ። በሦስት ቋንቋ ሲጽፉ ሁለቱ የእናታቸው አፍ አልነበሩም። ገና ልጅ ሳሉ አንዱ ተራቢ በአማርኛቸው ሥቆ አፋቸውን ቢያስይዛቸውስ ኖሮ?

«ታዲያ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር አይቀልድ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ይቀልድ! እኔ ፊቱን የቋጠረ ማኅበር አልወድም። ሁለት ጓደኞች አንዱ የሌላውን አማርኛ፣ ሌላው የዚያኛውን ኦሮምኛ እየተራረቡ ሲሣሣቁ አይቼ አብሬ ሥቄአለሁ። ግን ያ ቀልድ ተመላሽ አለው። ዛሬ እኔ፣ ነገ አንተ። ቡኢ ላይ የሆነው ስምንት ለአንድ ነው። ጓደኛህ የሚመልስበት ቋንቋ አልነበረውም፤ ከስምንታችሁ በኦሮምኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚገጥም ነበር? ስንት ዓመት አንድ ዶርም ኖራችሁ እሱ የእናንተን ተማረ፣ እናንተስ? «ነገያ» ብላችሁ ሰላምታ ከመስጠት አልፋችኋል? ካላለፋችሁ፣ ከቤቱ ውስጥ በሰው ቋንቋ የመናገር ድፍረት የነበረው እሱ ብቻ ነው። «እሱም አብሮን ሥቋል» የምትለውን ደግሞ አትቁጠራት። የተሣቀበት ሰው መጀመሪያ አብሮ ይሥቃል። ሌላ ምን ያድርግ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። ጥሩ ነው። ግን አንቀጽ ማዕድ ላይ አብሮን አይቀመጥም። ማዕድ ላይ ያለነው እኛ ነን።

ታዲያ ጓደኛ ሲሳሳት ምን ይደረግ? ዝም ይባል? እንዳልኩህ ጓደኛህ የሚማረው ከሰው አፍ ነው፤ ስለዚህ አፍህን በትክክል አሰማው። እሱ «እማማ ደክመሃል» ሲል አንተ ወዲያው «እውነቱን ነው፤ እማማ ዛሬ በጣም ደክመዋል፣ እግዜር ይስጥልን» ብትል፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ፣ ማንም ሳያፍር፣ ትክክለኛው ቃል ጆሮው ይገባል። በሚቀጥለው ራሱ ያስተካክለዋል። ሽማግሌዎቻችን ለልጅ ሲያደርጉት የኖሩት ይኸው ነው። ስሕተቱ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ግን፣ ማለትም የመድኃኒት መጠን፣ የገንዘብ ቁጥር፣ የቀጠሮ ሰዓት ከሆነ፣ ያኔ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ እዚያው ተናገር። «ስምንት ሰዓት» ሲል በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ሳትጠይቀው የተለየኸው ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሊጠብቅህ ነው።

ከዚያ ውጭ ያለውን ለብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ «ስትሳሳት ብነግርህ ደስ ይልሃል?» ብለህ ጠይቀው። አንዳንዱ «አዎ፣ እባክህ» ይላል። አንዳንዱ «ተወኝ፣ በጊዜዬ ይገባኛል» ይላል። ሁለቱም መብቱ ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ስልክ አትደውልለት። አያነሣም፤ ቢያነሣም በስልክ «ኧረ ምንም የለም» ብሎ ይዘጋዋል። «ቀልድ ነበር» የሚል መልእክትም አትላክ። ይህቺን ቃል ሰምቷታል፤ በቂው ነው። ከቡኢ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃሃል። ያንን «ጢምህን» ያለውንም ይዘኸው ሂድ። ነገሩን የጀመረው እሱ ሳይኖር አንተ ብቻህን ብትሄድ ግማሽ ዕርቅ ነው። ስምንታችሁም ተሰልፋችሁ እንዳትሄዱበት ደግሞ! እንደገና ስምንት ለአንድ ይሆንበታል። ክስታኔ በጎርደና ሴራው ስንት ደም አድርቋል፤ ለዚህ ሽማግሌ መሰብሰብ አያስፈልግም፣ ሁለታችሁ ትበቃላችሁ። ምክንያት አትደርድሩ። «ለእማማ ምስጋና ስታቀርብ ሥቀንብሃል፤ ጥፋተኞች ነን» በሉት። ከዚያ እሱ ይናገር፤ ቢቆጣ ይቆጣ፣ አታቋርጡት፣ በተለይ አማርኛው ቢሰናከል ቃል አታቀብሉት።

ሚዜነቱን በዚያው ቀን አታንሣበት። ያንተ ሠርግ የእሱ ሐዘን ማስረሻ አይደለም። ታርቃችሁ ከመለሰልህ ግን ሌላ ሥራ አለህ። ሚዜ በአማች ቤት ይናገራል፣ ሽማግሌ ይጠይቀዋል፣ ሙሽራዋን ይለምናል፤ እርስዎውና አንቱታው የሚበዛው እዚያ ነው። ከሠርጉ በፊት አንድ ምሽት ለብቻችሁ ተቀመጡና አለማምደው፤ ፈቃዱ ከሆነ። በኦሮምኛም መናገር ቢፈልግ ይናገር፤ አንዱ ይተረጉማል። የሙሽራዋ ዘመዶች ከመጨነቅ ይልቅ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። አንተም እስከ ጥር ድረስ ለእናቱ የምትነግራቸው ሁለት የኦሮምኛ ዓረፍተ ነገር አጥና። ትሳሳታለህ፤ ምን እንደሚሉህ ታያለህ።

ከመሄድህ በፊት ግን እናትህን አናግር። ካልሆነልህ፣ ስልኩን ለእሳቸው ስጣቸው። የእሳቸውን ስልክ የሚዘጋ አይመስለኝም። «ልጄ፣ ምስጋናህ ደርሶኛል» ይበሉት፤ በሚችሉት አማርኛ፣ እንደሚመጣላቸው። አንተ ግን ከአጠገባቸው ቆመህ አትስማ፤ ወጣ በል፣ እነሱ ይጫወቱ።

ደብዳቤያችሁን ጠብቁኝ እንዳላላችሁኝ እጠብቃለሁ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።